በውሰት የሄደች ግመል

ማይሶር፣ ሕንድ
ጁላይ 14 ቀን 1996

ለአባቴ እህት፣ ለአክስቴ ለቦካዮ፤ ማይኮና መንደር፣ ቻልቢ በረሃ

ሰላም ነሽ ወይ አክስቴ? ሰዎቹ ሰላም ናቸው? ግመሎቹ ሰላም ናቸው? ጉድጓዱ ሰላም ነው? ደመናውስ? እዚህ አገር ሰው ሲገናኝ አንዲት ቃል ጣል አድርጎ ያልፋል። ስለ ግመሎቼ የሚጠይቀኝ ስላጣሁ ጠዋት ጠዋት ራሴን እጠይቃለሁ። «ዳርሚ፣ ግመሎቹስ?» «ሰላም ናቸው።» አብራኝ የምትኖረው ሱማቲ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ብላ ከብርድ ልብሷ ውስጥ ብቅ ትላለች። «ከቤተሰቤ ጋር» ስላት «ዝም በሉ በያቸው እንግዲህ፣ ልተኛበት» ትለኛለች።

በሰላም ገብቻለሁ። የመምህራን ኮሌጁ ቢጫ ግንብ ነው፤ ደረጃ ይበዛዋል። እግሬ እንደምታውቂው ከደረጃ ጋር አይዋደድም፤ ቢሆንም ቀስ እያልኩ እወጣለሁ። ምግቡ ሩዝ ነው፤ በቅጠል ላይ ዘርግተው ያቀርቡታል፤ በእጅ ስለሚበላ አልተቸገርኩም። ወተቱ የጎሽ ነው። ስለ ወተቱ ሌላ ቃል አልናገርም፤ ሰው ባስጠለለው ቤት ወተት አይታማም።

አክስቴ፣ ይህን ደብዳቤ ለታላሶ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ከዚህ በታች ያለው ለሷ ነው።

ታላሶ እህቴ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ «የትምህርት እኩልነት» የሚባል ነገር እንማራለን። መምህራችን የመጀመሪያ ቀን «እዚህ የደረሳችሁት በማን ትከሻ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ልጆቹ አንዱ በአባቴ፣ አንዱ በመንግሥት እያሉ ተራ በተራ ተናገሩ። እኔ «በእህቴ እግር» አልኩ። ሳቁ። የሚስዮኑ መኪና ከየቤቱ አንድ አንድ ልጅ ለትምህርት ሊወስድ በመጣ ቀን አባታችን እኔን የሰጠው ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳልሆነ እነሱ ምን ያውቃሉ? ግመል ተከትሎ የማይሄድ እግር ስለነበረኝ ነው። ወንድ ልጅ በሌለበት ቤት የኔንም ያንቺንም ድርሻ አንቺ ተራመድሽው።

በጉድጓዱ ዳር የገባሁልሽን ቃል አልረሳሁም። ስመለስ የጭነት ግመል እንይዛለን፤ ሰሌዳውን በአንድ ጎኑ፣ የውሃ ዕቃውን በሌላው ጎኑ እናስራለን፤ ሰፈሩ ሲነሳ ትምህርት ቤቱም ይነሳል። የመጀመሪያዋ ተማሪ አንቺ ነሽ። እስከዚያ ያስተማርኩሽን ስምሽን በአሸዋ ላይ ጻፊ፤ ንፋሱ ሲያጠፋው ደግመሽ ጻፊው።

የምትወድሽ እህትሽ፣ የምታከብርሽ የወንድምሽ ልጅ
ዳርሚ


ማይኮና
ኦክቶበር 3 ቀን 1996

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዳርሚ ያታኒ

ሰላም ያግኝሽ፤ ሰላም ያሳድርሽ። ሰዎቹ ሰላም ናቸው። ግመሎቹ ሰላም ናቸው። ጉድጓዱ ሰላም ነው። ደመናው ግን የማይከፍል እንግዳ ሆኗል፤ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል።

ደብዳቤሽን ፋራህ በጭነት መኪናው ከማርሳቢት አመጣልኝ። ሻይ ቤቴ ሙሉ ሰው ነበር፤ ፖስታውን ከፍ አድርጎ «የቦካዮ ባል ከሕንድ ጻፈላት!» ብሎ አዋረደኝ። «ባል ቢኖረኝማ ለአንተ ሻይ እቀዳልህ ነበር?» አልኩት። እሱ ራሱ ሞያሌ ላይ ሁለተኛ ሚስት አስቀምጧል ይባላል፤ እኔ አላየሁም፤ ያየ ሰው ነው የነገረኝ።

አዲስ መምህር ተልኮልናል፤ የከተማ ልጅ ነው፣ ግመል ይፈራል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ግመል በክፍሉ መስኮት አንገቷን አስገብታ መጋረጃውን ስትበላ ልጁ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ተገኘ። ተማሪዎቹ አወረዱት። እንግዲህ ቶሎ ጨርሰሽ ነይልን።

ታላሶ ለጨውና ለስኳር መጥታ ነበር፤ የወተት ዕቃዋን አስቀምጣ በሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች። አነበብኩላት። «ድገሚው» አለች። ደገምኩት። «‹በእህቴ እግር› የሚለውን ብቻ» አለች። ያንንም ደገምኩ። ከዚያ ተነሥታ «እግሬን እዚያ ድረስ ስማቸውን በማላውቃቸው ሰዎች ፊት አወጣችው? ታጥቤ እንኳ አልነበረም!» ብላ ስትስቅ ሰው ሁሉ ሳቀ።

አባትሽ ደህና ነው። ሽማግሌዎቹ «ልጅህን ለባዕድ ሸጥካት» እያሉ ሲነካኩት ምን እንዳለ ልንገርሽ፤ «አልሸጥኳትም። ለወረቀት አዋስኳት። የውሰት ግመል ሕጓ ይታወቃል፤ ወተቷን የተዋሰው ይጠጣ፣ ሴት ግልገል ስትወልድ ግን ግልገሏ ለባለቤቱ ናት።» አጨበጨቡለት። ያታኒ ሲያወራ ዝናብ ይመስላል፤ ሲሠራ ግን እንደ ደመናው ነው። ወንድሜ ስለሆነ ነው የምናገረው።

ለኔ ቢጫ ሻሽ ላኪልኝ፤ የፋራህ ሚስት አይታ የምታርርበት ዓይነት። የመጀመሪያዪቱ ሚስት ማለቴ ነው።

ከታች ያለውን ስሟን ታላሶ በእጇ ጻፈችው። እርሳሱን እንደ ጦር ነበር የያዘችው። ከስሟ አጠገብ የግመሎቻችሁን ምልክት፣ ያቺን ሁለት ጭረትና ክብ፣ ጨመረችበት። «ይህ ለምንድን ነው?» ብላት «ስሜ ቢጠፋ የማን እንደሆነ ታውቆ እንዲመለስ» አለችኝ።

ወተት አይጉደልብሽ
አክስትሽ ቦካዮ


ማይሶር
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1997

ለውድ አክስቴ

ሰላምሽ ይብዛ፤ ሰዎቹም፣ ግመሎቹም፣ ጉድጓዱም።

የታላሶን ስም ከነምልክቱ ቆርጬ ከአልጋዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። ሱማቲ «የምን አምላክ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እነሱ ግድግዳ ላይ የሚለጥፉት አምላክ ነው። «እህቴ ናት» አልኳት። በማግሥቱ ከራሷ አማልክት ፊት ካስቀመጠችው አበባ አንዱን አንሥታ ለታላሶ አስቀመጠችላት። ንገሪያት፤ ትሥቃለች።

አሁን የምሥራች። ቁጭ ብለሽ ስሚ፤ ሻዩም ይቆይ። ማርሳቢት ያስተማሩኝ የድሮ ርዕሰ መምህሬ መልስ ጻፉልኝ። ታላሶን ይቀበሏታል! አዳሪ ሆና፣ ሦስተኛ ክፍል፣ በመጪው ጃንዋሪ ትጀምራለች። በዕድሜ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ትበልጣለች፤ ከትንንሾች ጋር ትቀመጣለች፤ እሷ ደግሞ ኩሩ ናት። ግን ግመል የመራች ልጅ አንድ ወንበር ያቅታታል? ወጪዋን የሚሸፍን ማኅበር እኔው አግኝቻለሁ፤ አባቴ ምንም አይጠየቅም።

አየሽ አክስቴ፣ በመንገድ ዳር በግ እየነዱ ከአገር አገር የሚያልፉ ሰዎች አሉ እዚህ። አንድ ቀን ልጆቻቸውን ቆሜ አየኋቸው። አንዷ ከመንጋው ኋላ እየሄደች የወደቀ ጋዜጣ አንሥታ፣ ገልብጣ ይዛ፣ «ታነብ» ነበር። ኮሌጅ የገባሁት ለእሷ ለማዘን ሳይሆን ጋዜጣውን ለማቃናት ነው አልኩ ለራሴ። ከእህቴ ካልጀመርኩ ከማን ልጀምር? አባቴ ራሱ ብሏል አይደል፣ ከውሰት ግመል የሚገኘው ለቤት ይመለሳል። ይኸው እየመለስኩ ነው።

ትንሽ የእጅ ሰሌዳና ጠመኔ ልኬላታለሁ፤ እስከ ጃንዋሪ ትለማመድበት። ቢጫው ሻሽ ያንቺ ነው።

ቶሎ መልሽልኝ፤ ታላሶ ምን እንዳለች ቃል በቃል ጻፊልኝ። በተለይ ከትንንሾች ጋር ስለመቀመጥ የምትለውን ስድብ አንድም እንዳትተዪ።

ዳርሚ


ማይኮና
ኦገስት 29 ቀን 1997

ለወንድሜ ልጅ ለዳርሚ

ሰላም ያግኝሽ። ሰዎቹ ሰላም ናቸው። ግመሎቹ ሰላም ናቸው።

መልሱ የዘገየው በፋራህ መኪና ምክንያት ነው። ሞተሩ ተቃጠለና ቻልቢ በረሃ ውስጥ ከነፍየሎቹ ተገትሮ ከረመ። ከዚያ ደግሞ እርሳስ ጠፋ። ከዚያ ደግሞ ዓይኔ።

ሻሹ ደርሷል፤ እጅግ ቢጫ ነው። የፋራህ ሚስት ሰላምታዬን ትታለች፤ እግዜር ይስጥሽ። ግመል የሚፈራው መምህር የግመል ወተት ለምዶ ፊቱ ሞላ፤ አሁን የሰፈሩን አለቃ ልጅ ያያታል ይባላል። የአለቃው ሚስት ደግሞ ዣንጥላ ገዝታ፣ ዝናብ በሌለበት አገር ዘርግታ ትሄዳለች፤ ልጆች ከኋላዋ ጥላ እየተሻሙ ይከተሏታል። ሌላም ብዙ አለ።

ሰሌዳው ደርሷል። ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ አቧራ እንዳይበላው።

ታላሶ ደህና ናት። ራቅ ብላለች። ሣር ወደ ሰሜን ስለሆነ ሰውም ወደዚያው ነው። ስገናኛት እነግራታለሁ።

እናትሽን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ተይው፤ በሩ ላይ አጎንብሼ ከገባሁ በኋላም ቀና ሳልል ነው የወጣሁት። ቤቷ እኮ ጠቧል። ሦስት ሰው ከተቀመጠ የአራተኛው እግር ውጭ ያድራል። «እንዴት ነው ይሄ?» ስላት እሳቱን ቆሰቆሰች። እርጅና ነው። ሰውም ቤትም ያንሳል።

ከቻልሽ የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ። ካልቻልሽም ይቅር።

አክስትሽ ቦካዮ


ማይሶር
ኦክቶበር 11 ቀን 1997

አክስቴ፣

ሰላምታዬን ለኋላ አቆይቼዋለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

የእናት ቤት በእርጅና አይጠብም። በድርቅም በምስጥም አይጠብም። እዚያው ተወልጄ ነው ያደግሁት፤ እግሬ ነው እንጂ ዓይኔ አልተሰበረም። የእናት ቤት የሚጠበው ሴት ልጅ ስትዳር ነው፤ ምንጣፉና ቋሚው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለሙሽራዋ ቤት ሲሄድ።

እናቴ ሁለት ሴት ልጆች ነው ያሏት። አንዷ ይህን እየጻፈች ነው።

ማን ወሰዳት? መቼ? ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል?

ዳርሚ


ማይኮና
ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1998

ለወንድሜ ልጅ ለዳርሚ

ሰላም ያግኝሽ፤ ልብሽንም ሰላም ያግኘው።

እንደዚህ ያለ ዝናብ በዕድሜዬ አላየሁም። ቻልቢ ሐይቅ ሆኗል። ፍየሉ በጎርፍ ሄደ፤ ግመሎቹ በትንኝ አለቁ። የጥያቄሽ ወረቀት ማርሳቢት ላይ ከርሞ የደረሰኝ በዚህ ሳምንት ነው። ቢፈጥንም ምን ብዬ እመልስልሽ ነበር? አሁን ግን በምን እሸፍነዋለሁ፤ ቤቱን አይተሽዋል።

የአቡዶ ቤት አንቺን ገና በጀርባ ሳለሽ እንደጠየቀሽ ታውቂያለሽ። የእጮኝነቱ ትምባሆ ተቀምጦ አባትሽ ቀምሶታል። አንቺ ስትሄጂ ዝም አሉ፤ ታገሡ። በኖቬምበር 1996 መጡ። እኔም ለወንድሜ ምግብ ላቀርብ እዚያው ነበርኩ።

ሽማግሌው አቡዶ «ልጅቷ መቼ ነው የምትመለሰው?» አለ።

አባትሽ «ስትጨርስ» አለ።

«ወረቀት ያልቃል እንዴ? እኔ አንዱ ሲያልቅ ሌላ ሲያመጡ ነው የማየው።»

«ያልቃል።»

«ያታኒ፣ ልጄ ሞሉ ጺሙ ወጥቶ ሊሸብት ነው። ቃልህን ወይ ዋጠው ወይ ትፋው። አፍህ ውስጥ ይዘኸው እስከ መቼ?»

አባትሽ ወደኔ ዞሮ «ጻፊላት፤ ትምጣ» አለ። እርሳሱን አወጣሁ። እግዜር ያውቃል፤ «ሰላም ያግኝሽ» የሚለውን ጽፌ ነበር። ያኔ ታላሶ ወተት ይዛ ገባች። ዕቃውን ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀምጣ፣ ቀና ብላ፣ «እኔ አለሁ አይደል?» አለች። «የሷን ግመል ጠበቅሁ፤ የሷን ባል ብጠብቅ ምን ይገርማል? እሱም እንደ ግመሎቹ ከነከሰኝ አውቅበታለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እስኪያስላቸው ሳቁ። አቡዶ «ይቺስ ምላሷ ከእግሯ ይረዝማል፤ ለቤቴ ትሆናለች» አለ። አለቀ። እኔ እጇን እያየሁ ነበር፤ የወተት ዕቃውን ክዳን ይዛ አልለቅ ብላ ነበር።

ውጭ ተከትያት ወጣሁ። «ምን አደረግሽ?» አልኳት። «እሷ ከመጣች ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ቀረን» አለች። «እሷ ከቀረች ግን አንዳችን አለን። እስክትጨርስ እንዳትነግሪያት። ከነገርሻት ትመጣለች፤ አውቃታለሁ፣ አንካሳ ሆና መሮጥ የምትወድ እሷ ብቻ ናት።» «ማይልኝ» አለችኝ። ማልኩላት።

ያ ደብዳቤሽ፣ የምሥራቹ፣ የደረሰኝ ቤቷ በግመል ተጭኖ ከሄደ ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። ለኔ ብቻ አነበብኩት። ሻዩም ቆየ።

መነጽሩ ይቅር። ምንም አትላኪ።

ቦካዮ


ማይሶር
ኤፕሪል 19 ቀን 1998

ለአክስቴ ለቦካዮ

ሰላም ላንቺ። ግመሎቹን አልጠይቅም፤ አለቁ ብለሽኛል።

አልቀየምኩሽም። መቀየም የምችለው ሰው ፈልጌ አጣሁ፤ እያንዳንዱ በር ላይ ቆሜ ሳንኳኳ የምትከፍተው ታላሶ ናት፤ ከፍታም ትሥቃለች።

ባለፈው ወር ኮሌጁ አዳራሽ አስጠርቶ ስለ ተንቀሳቃሹ ትምህርት ቤቴ እንድናገር አደረገ። አስቀድሜ የጻፍኩት ነበር፤ «እህቴ የመጀመሪያዋ ተማሪ ትሆናለች» የሚል። አነበብኩት። ቆመው አጨበጨቡልኝ፤ አንዲት ሴት አለቀሰች፤ የአበባ ጉንጉን አጠለቁልኝ። እኔ አበባውን ይዤ ቆሜ የማስበው የወተት ዕቃውን ክዳን ነበር። ምሥክር ወረቀትም ሰጡኝ። «ለእኩልነት ላሳየችው ጽናት» ይላል። ጽናቱ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ከዚያ ወዲህ ክፍል አልገባሁም። ሻንጣዬን አሥሬያለሁ። መጥቼ አቡዶ ደጃፍ ቆሜ «የታጨሁት እኔ ነኝ፤ እህቴን መልሱልኝ» እላለሁ። ርዕሰ መምህሬ ቦታዋን እስካሁን ለማንም አልሰጡም፤ ጽፈው ነግረውኛል። ሂጂና ንገሪያት አክስቴ። ሰሌዳዋንም ውሰጂላት። «ነይ» ካለችኝ በማግሥቱ እነሣለሁ።

ሱማቲ ሻንጣዬን ስትፈታ ደረስኩባት። «እህትሽ የምትለውን እስክትሰሚ» አለችኝ፣ «ልብስሽ ይጨማደዳል።»

ዳርሚ


ማይኮና
ሴፕቴምበር 8 ቀን 1998

ለወንድሜ ልጅ ለዳርሚ

ሰላም ያግኝሽ፤ ሰላም ያሳድርሽ፤ ያለሽበት ያጽናሽ።

ሄድኩ። በፋራህ መኪና እስከ ዱካና፣ ከዚያ ወዲያ በግመል ጀርባ። ይህ ወገቤ ሻይ ሊቀዳ እንጂ ግመል ላይ ሊቀመጥ የቀረ አልነበረም፤ ስለሱ ስንገናኝ አወራሻለሁ።

ቤቷ በር ላይ ተቀምጣ የወተት ዕቃ ስትሰፋ አገኘኋት። ከስታለች። ጥርሷ ግን ያው ነው። «አክስቴ! ሻይ ቤቱን አቃጠልሽው እንዴ?» አለች። ሞሉ ክፉ ሰው አይደለም። ጨዋ ነው፤ ዝምተኛ ነው፤ ሚስቱን እንደ ጥሩ ዝናብ ይመለከታታል፤ ግን ይህን የምጽፍልሽ እንዲያጽናናሽ አይደለም።

ከጉያዋ ሕፃን አወጣች። ሴት ናት። ዓርብ ቀን ስለተወለደች ጉማቶ አሏት። ግንባሯ ያንቺ ነው፤ ሁለቱም እግሯ ደህና ነው፤ አይቻለሁ።

የትምህርት ቤቱን ነገር ነገርኳት። መርፌዋን አላቆመችም።

«ስንተኛ ክፍል?» አለች።

«ሦስተኛ።»

«ከትንንሾቹ ጋር?»

«ከትንንሾቹ ጋር።»

«ወንበሩ ላይ ጉልበቴ የት ይገባ ነበር?» ብላ ሣቀች። ቀጥላ ስትሰፋ ቆየችና፣ «ቦታው አሁንም አለ ወይ?» አለች።

«አለ። እየጠበቁሽ ነው።»

ያኔ መርፌው ቆመ። ዳርሚ፣ ምን ልበልሽ። ልጅቷን ወደ ጡቷ መለሰቻትና ፊቷን ወደ ቤቱ ውስጥ አዞረች። ጀርባዋን ብቻ ነው ያየሁት። ስትመለስ ፊቷ ደርቆ ነበር።

«ለሌላ ይስጡት» አለች። «ግመል የምትጠብቅ ልጅ ከፈለጉ ሌላ አለች፤ ማርሳቢት መንገድ ላይ ብዙ አለ። ዳርሚን ደግሞ እንዲህ በያት። ብትመጣ ፊቷን አላይም። የሄድኩበት መንገድ ሁሉ ለከንቱ ነበር ልትለኝ ከሆነ እዚያው ትቅር። ደግሞ አባታችን ተሳስቷል። በውሰት የሄደችው ግመል እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። በሷ ስም፣ በሷ ቦታ ለአቡዶ ቤት የተሰጠሁት እኔ ነኝ። ወተቴን ይጠጡ፤ ሕጋቸው ነው። ሴቷ ግልገል ግን ለባለቤቱ ናት። ባለቤቷ ዳርሚ ናት። የወተት ጥርሷ ሲነቀል እሰድላታለሁ። እስከዚያ ጨርሳ ትጠብቀኝ።»

ሞሉ ከበስተኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። አንገቱን ደፍቶ «ሕግ ነው» አለ። 

ሰሌዳውን ሰጠኋት። «ስምሽን ጻፊላት፤ እወስድላታለሁ» ብዬ ወረቀትና እርሳስም ሰጠኋት። ያዘችው፤ እንደ ጦር አልነበረም፤ እንደሚሰበር ነገር ነው የያዘችው። ብዙ ቆየች። የመጀመሪያዋን ፊደል ጀመረች፣ ተወችው። እንደገና ጀመረች፣ ተወችው። እኔ ልመራት እጄን ብዘረጋ «ተይ፣ ይመጣል» አለች። አልመጣም። በመጨረሻ የግመሎቻችሁን ምልክት፣ ሁለቱን ጭረትና ክቡን፣ አንድም ጊዜ ሳትደነቃቀፍ ሣለችውና ሰጠችኝ። ከደብዳቤው ጋር አለ፤ ገልብጠሽ እይው።

ሰፈሩ በማግሥቱ ተነሥቶ የአገሩን ድንበር ተሻገረ። ሰሌዳውን የጭነቱ አናት ላይ አሥራ አየኋት።

ላኪልኝ አትላኪልኝ እያልኩ አሰልችቼሻለሁ። አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ ለሕፃን የሚሆን ለስላሳ ብርድ ልብስ። የአቡዶ አገር ንፋሱ ክፉ ነው። ሰው ሲገኝ እሰድላታለሁ።

አክስትሽ ቦካዮ


ማይሶር
ዲሴምበር 1 ቀን 1998

አክስቴ፣ ሰላም ላንቺ፣ ለሰዎቹ፣ ለተረፉት ግመሎች፣ ለጉድጓዱ።

ሻንጣዬን ፈትቻለሁ። ክፍል ገብቻለሁ። ብርድ ልብሱ ከዚህ ጋር ነው። ከታች ያለውን ግን ለማንም እንዳታነቢ፣ ለታላሶም ቢሆን። ባለቤቷ ራሷ እስክታነበው ቢጫው ሻሽ ውስጥ ጠቅልለሽ አስቀምጪልኝ።

*

ለጉማቶ፣

ሰላም ነሽ ወይ? ሰዎቹ ሰላም ናቸው? ግመሎቹ ሰላም ናቸው? ጉድጓዱ ሰላም ነው?

ይህን ራስሽ እያነበብሽው ከሆነ መጥተሽልኛል ማለት ነው፤ እናትሽም ቃሏን ጠብቃለች፤ አንቺን ለመስጠት ከየትኛው ጉድጓድ እስከየትኛው እንደተራመደች አንድ ቀን እነግርሻለሁ። የእኔ ልጅ አይደለሽም። የኔ ነሽ የሚል ሕግ አለ፤ እኔ ግን አልተቀበልኩትም። አንቺም ውሰት ነሽ። ያነበብሽውን ሁሉ ይዘሽ ትመለሻለሽ።

ስትመለሺ እናትሽ በር ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ ታገኚያታለሽ። አጠገቧ ተቀመጪ። ሰሌዳው ከተረፈ በሰሌዳው፣ ካልተረፈ በአሸዋው ስሟን ጻፊላት። ታላሶ ይባላል። ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ፤ በመንገድ ላይ ጣለችው፤ ስለኔ ነው የጣለችው። ቀስ ብለሽ መልሽላት። እጇን ይዘሽ እንጂ ቆመሽ አታስተምሪያት።

ጽፋ ስትጨርስ ከስሟ አጠገብ ሁለት ጭረትና አንድ ክብ ትጨምራለች። መጽሐፍ ላይ አታገኚውም።

እሱን አታርሚያት።

አክስትሽ ዳርሚ